መልስ፦ ሆኪውን ላስተዋት ወይ?
እህቴ፣ «ልጄ 11ኛ ክፍል ናት፤ አይስ ሆኪው ትምህርቷን ሳይጎዳው ላስተዋት?» ላልሽው፣ እኔ አታስተያት ባይ ነኝ። ግን ትራንስክሪፕቷን ዛሬውኑ እዪው። አሜሪካ ውስጥ ዲቪዥን 1 (ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) ለመጫወት፣ የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ 16 ዋና ዋና የሁለተኛ ደረጃ ኮርሶች ይጠይቃል። አስሩ 12ኛ ክፍል ሳትጀምር ማለቅ አለባቸው፤ ከእነሱም ሰባቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ። በእነዚህ ኮርሶች ያላት አማካይ ውጤትም (ከ4.0) ከ2.3 እንዳይወርድ። ብዙ ወላጅ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፤ «12ኛ ላይ ታካክሰዋለች» አይሠራም። ሃርቫርድን የመሰሉት አይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎችና ዝቅ ባለው ዲቪዥን 3 የሚጫወቱ ኮሌጆች ደግሞ የስፖርት ስኮላርሺፕ የላቸውም። እዚያ ማርኳ በጣም ወሳኝ ነው።

ንጋት ላይ በረዶ ላይ የምትቆም ልጅ እኩለ ሌሊት ድረስ አታጠናም። ንባቡን መኪና ውስጥ ትጨርሰው፣ ያ የሚሸት የሆኪ ሻንጣ አጠገብ ቢሆንም። የውጪ ጨዋታ ሲኖራትም ለመምህሮቿ ቀድማ ትንገር።