«ድጋፉ ይቋረጣል ወይ?»፦ ስለ አካል ጉዳተኞች ድጋፍ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰሞኑን ከአንባቢያን የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ድጋፍ፣ እዚህ በሴፍቲኔትና በጡረታ የሚከፈለውም ሆነ በውጭ አገር ዘመዶቻችን የሚያገኙት፣ ሊለወጥ ነው መባሉ ብዙ ቤት አሳስቧል። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ አቀርባቸዋለሁ።

እናቴ ሁለቱም ዓይኖቿ አያዩም፤ በመንዝ ጌራ ወረዳ የቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚ ናት። ዘንድሮ ዝርዝሩ እንደ አዲስ ይጣራል፣ ተጠቃሚዎችም ይመረቃሉ ይባላል። እኔ ከከተማ ተመልሼ አብሬያት መኖር ከጀመርሁ ወዲህ ደግሞ ሰዉ «ጉልበት ያለው ልጅ ገባላት» ማለት ጀምሯል። ትሰረዝ ይሆን? (ከመሐል ሜዳ)

ሁለቱን ሥጋቶች ለያይተን ብናያቸው ይሻላል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ ሠርቶ የሚያመጣ አባል ያለበትን ቤተሰብ በማኅበረሰብ ሥራ እያሳተፈ በዓመት ለስድስት ወር ሲደግፍ፣ በእርጅና፣ በአካል ጉዳት ወይም በጽኑ ሕመም ምክንያት የሚሠራ ሰው የሌለበትን ቤተሰብ ግን ያለ ሥራ ግዴታ ዓመቱን ሙሉ እንዲደግፍ የተዘጋጀ ነው። ምረቃ የሚባለው ጥሪት ቋጥረው ራሳቸውን ይችላሉ ተብለው ለሚጠበቁት ለፊተኞቹ የታሰበ ስለሆነ፣ ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙት እናትዎ «ተመርቀዋል» ተብለው ሊወጡ አይገባም።

ሁለተኛው ሥጋት ግን መሠረት አለው። የሚመዘነው ግለሰቡ ሳይሆን ቤተሰቡ በመሆኑ፣ ጉልበት ያለው ሰው ሲጨመር ቤተሰቡ ከቀጥታ ድጋፍ ወደ ማኅበረሰብ ሥራ ሊዛወር ይችላል፤ ይህ ደግሞ የስድስት ወር ድጋፍ ማጣት ማለት ነው። የተመለሱት እናትዎን ለመንከባከብ ከሆነና ከአጠገባቸው መራቅ ካልቻሉ፣ ይህንኑ ልየታውን ለሚያካሂደው የቀበሌ ግብረ ኃይል አስቀድመው ያስረዱ። ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት በሚነበብበት ቀን ደግሞ አይቅሩ፤ ያን ዕለት የሚያውቅዎ ጎረቤት ተነሥቶ የሚናገረው ቃል በኋላ ከሚጻፍ ማመልከቻ ይልቅ ይሠራል። ውሳኔው ካላረካዎ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ቅጂውንም ይያዙ።

እኔን ከዝርዝሩ መከለስ በላይ የሚያሳስበኝ ማንም «ማሻሻያ» ብሎ የማይጠራው ቅነሳ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ዘይቱም ሳሙናውም በተወደደበት ገበያ፣ በብር የሚሰጥ ድጋፍ በነበረበት ከቆየ ተቀነሰ ማለት ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ ቅነሳ ደግሞ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ የለም።

እህቴ ለንደን ትኖራለች። በአከርካሪ ጉዳት ምክንያት የአካል ጉዳት ክፍያ ታገኛለች፤ ለእኛም ከዚያው ቆጥባ ትልካለች። መንግሥት ሊቆርጠው ነው ብላ ተጨንቃለች፤ እውነት ነው? ለጥምቀት መጥታ እስከ ፋሲካ ብትቆይስ ችግር ይፈጥርባታል? (ከደብረ ብርሃን)

በመጀመሪያ እህትዎ የሚያገኙት የትኛውን ክፍያ እንደሆነ ይጠይቋቸው፤ መልሱ በዚያ ላይ የተመሠረተ ነውና። በብሪታንያ «ፒፕ» እየተባለ የሚጠራው ክፍያ አካል ጉዳት የሚያስከትለውን ተጨማሪ ወጪ ለመሸፈን የሚሰጥ ሲሆን፣ ገቢንም ሆነ ሥራን አይመለከትም፤ የሚሠራ ሰውም ያገኘዋል። አመልካቹ ምግብ ማብሰል፣ መታጠብ፣ መልበስና የመሳሰሉትን የዕለት ተግባራት ምን ያህል እንደሚቸገርባቸው በነጥብ ይለካል፤ ለዕለት ኑሮ የሚሰጠውን መደበኛ ክፍያ ለማግኘት በድምሩ 8 ነጥብ ያስፈልጋል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ያቀረበው ሐሳብ፣ ከድምሩ በተጨማሪ ቢያንስ በአንዱ ተግባር ብቻ 4 ነጥብ ማግኘት ግዴታ እንዲሆን ነበር። በዚህ ሐሳብ መሠረት፣ በአራት ተግባራት ሁለት ሁለት ነጥብ እያገኘ 8 የሚሞላ ሰው፣ ሕመሙ ምንም ሳይሻለው ከክፍያው ይወጣ ነበር።

ይህ አልሆነም። ከ120 በላይ የገዢው ሌበር ፓርቲ የምክር ቤት አባላት ስለተቃወሙ፣ መንግሥት በጁላይ 1 ቀን 2025 ይህን ክፍል ከረቂቁ አውጥቶ፣ ጉዳዩ በሚኒስትሩ በስቲቨን ቲምስ መሪነት አካል ጉዳተኞች ራሳቸው በሚሳተፉበት ግምገማ እንዲታይ አድርጓል። የእህትዎ ክፍያ ፒፕ ከሆነ እንግዲህ ያ የተፈራው የ4 ነጥብ መለኪያ ሕግ አልሆነም፤ ጉዳዩም በግምገማው እንዲወሰን ተላልፏል።

ዩኒቨርሳል ክሬዲት የተባለው የገቢ ድጎማ ግን በእርግጥ ተለውጧል። በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ መሠረት፣ በሕመም ምክንያት መሥራት ለማይችሉ ሰዎች በድጎማው ላይ የሚጨመረው ገንዘብ፣ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ አዲስ ለሚያመለክቱ በሳምንት ወደ 50 ፓውንድ ዝቅ እንዲል ተወስኗል፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ወደ 97 ፓውንድ የሚጠጋውን ይዘው ይቀጥላሉ። ለሞት በተቃረቡና ዕድሜ ልክ በሚዘልቅ ከባድ ሕመም በተያዙ ሰዎች ላይ ቅነሳው አይሠራም። ነባሩን ሳይነኩ አዲሱን መቀነስ ጩኸት የማያስነሣ የማሻሻያ ስልት ነው፤ የሚቀነስበት ሰው ገና አልታመመምና የሚጮኽ የለም። እኔ እንደማምነው ግን ይህ ፍትሐዊ አይደለም፤ አንድ ዓይነት ሕመም ያለባቸው ሁለት ሰዎች በታመሙበት ቀን ብቻ አንዱ የሌላውን እጥፍ ያገኛልና።

ስለ ጉዞው፣ ለአጭር ጊዜ ከአገር የወጣ ሰው ፒፕ የሚከፈለው እስከ 13 ሳምንት ነው፤ ለሕክምና ከሆነ እስከ 26 ሳምንት ይዘልቃል። ፋሲካ ቀደም ብሎ በሚውልበት ዓመት ከጥምቀት እስከ ፋሲካ ያለው ጊዜ በ13 ሳምንት ውስጥ ያልቃል፤ ዘግይቶ በሚውልበት ዓመት ግን ያልፋል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ደግሞ በመደበኛው ጉዞ ከአንድ ወር አያልፍም። ከመነሣታቸው በፊት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያሳውቁ። ክፍያው ከተቀነሰባቸውም በአንድ ወር ውስጥ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ መጠየቅ፣ ከዚያም ለገለልተኛ ፍርድ አካል ይግባኝ ማለት ይችላሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ገንዘቡን ለፈለጉት ነገር ማዋል የእህትዎ መብት ቢሆንም፣ የተሰጣቸው ለወገባቸው ጉዳት ነውና በሚልኩላችሁ ተማምኖ ቤት መሥራት መጀመር አይመከርም።

በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል የሕክምና ማስረጃዬና የአካል ጉዳተኝነት መታወቂያዬ አብረው ነደዱ። ልየታ ሲመጣ ምን ላሳይ? (ከአጣዬ)

ለሴፍቲኔት ልየታ ከወረቀት ይልቅ የሚያውቅዎ ማኅበረሰብ ምስክርነት ይበልጣል፤ የፕሮግራሙ አሠራር በአካባቢው ነዋሪ ዕውቀት ላይ የቆመ ነው። ለሥራ ውድድር፣ ለጡረታ ወይም ለሌላ አገልግሎት ግን ወረቀት መጠየቅዎ አይቀርም። የታከሙበት ሆስፒታል መዝገብ ካልጠፋ ቅጂ ይጠይቁ፤ ከጠፋም እንደገና ተመርምረው አዲስ ማስረጃ ያውጡና ለወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያቅርቡ። ይህንን ልየታው ሳይጀመር ቢጨርሱት ይመረጣል።

በአንድ ፋብሪካ ለስምንት ዓመት ሠርቼ እጄን ማሽን ቆረጠው። «ለጡረታ አሥር ዓመት ካልሞላህ ምንም የለህም» ተባልሁ። ልክ ነው? (ከደብረ ብርሃን)

ልክ አይደለም፤ የነገርዎ ሰው ሁለት የተለያዩ ድንጋጌዎችን አደባልቋል። በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት፣ አሥር ዓመት አገልግሎት የሚጠየቀው ከሥራው ጋር ባልተያያዘ ሕመም ምክንያት መሥራት ያቃተው ሠራተኛ የጤና ጉድለት ጡረታ እንዲያገኝ ነው። ያልሞላለትም አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ስለሚያገኝ ባዶ እጁን አይሄድም። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ግን የአገልግሎት ዘመን አይጠየቅበትም፤ ቁም ነገሩ ጉዳቱ በሥራ ምክንያት መድረሱና ምን ያህል የመሥራት አቅም እንዳሳጣ በሐኪሞች ቦርድ መረጋገጡ ነው። ስለዚህ አደጋው በደረሰበት ዕለት የተሞላውን ሪፖርት፣ ሐኪም ቤት የገቡበትን ካርድና የሥራ ጓደኞችዎን ምስክርነት ሰብስበው ለግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ያመልክቱ። ከደመወዝዎ 7 በመቶ ሲቆረጥ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ሲጨምር የቆየው ለዚህ ነው። አሠሪው መዋጮውን ሳያስገባ ቀርቶ ከሆነ ተጠያቂው እርሱ እንጂ እርስዎ አይደሉም።

ሕገ መንግሥቱ አካል ጉዳተኛን መንግሥት ይረዳል ይላል። ታዲያ ድጋፍ ብከለከል መክሰስ እችላለሁ? (ከዓለም ከተማ)

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ሕፃናትን መንግሥት ማቋቋምና መርዳት እንዳለበት ይደነግጋል፤ ነገር ግን የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን የሚል ገደብ አለበት። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 28 የማኅበራዊ ጥበቃ መብትን ያውቃል። ይሁንና ይህን ያህል ብር በየወሩ ይከፈለኝ ብሎ ለመጠየቅ የሚያስችል በሕግ የተወሰነ መጠን የለም። እንግዲህ አጥብቀው ሊሟገቱበት የሚችሉት የአሠራሩ ጉዳይ ነው፦ ያለ ምክንያት ከዝርዝር መውጣት፣ ቅሬታዎ አለመታየቱ፣ ወይም በአካል ጉዳትዎ የተነሣ መገለልዎ።

መስማት የተሳናት ልጃችን ከኮሌጅ ተመርቃለች። ሥራ ብትይዝ ቤታችን ከድጋፍ ይወጣል ብለን እንድትወዳደር አላበረታታናትም። ተሳስተናል? (ከአንኮበር)

ተሳስታችኋል፤ ትወዳደር። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ተወዳዳሪዋ ከሌሎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ካመጣች ቅድሚያ እንዲሰጣት ያዛል፤ አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብላ ብትከስም አድልዎ አለመፈጸሙን የማስረዳቱ ሸክም በአሠሪው ላይ ነው። ደመወዝ ስትጀምር ቤታችሁ እንደገና ሊታይ መቻሉ እውነት ነው፤ ሆኖም በየዓመቱ ከሚከለስ ዝርዝር ይልቅ የእርሷ ቋሚ ደመወዝ የተሻለ ዋስትና ነው። ለፈተናው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የሚያስፈልጋት ከሆነ በምዝገባው ቀን በጽሑፍ ትጠይቅ፤ በፈተናው ዕለት ቢጠየቅ አይደርስም።