እርከኑ ተሠራ፤ ጠጋኙስ? ስለ ጎጃም ተፋሰስና ስለ ጣና ጥያቄና መልስ

እንደምን ሰነበታችሁ። ስለ ተፋሰስ ሥራና ስለ ጣና የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ለማታውቁኝ፣ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ። እርከን አስቀይሻለሁ፣ ችግኝ አስተክያለሁ፣ ሪፖርትም ጽፌያለሁ። መልሴ ከዚያ የሚነሳ ነው።

ከባሕር ዳር፦ ጋሼ፣ ለጣናና ለተፋሰስ ይህ ሁሉ ገንዘብ ወጣ ይባላል። ከየት መጣ? ምን ላይ ዋለ?

ገንዘቡ ከአንድ ቦታ አልመጣም። በ2000 ዓ.ም የዓለም ባንክ ለጣናና በለስ የውሃ ሀብት ልማት ፕሮጀክት 45 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። በዚያው ዓመት አካባቢ የዘላቂ መሬት አያያዝ ፕሮግራም ተጀመረ። ዓለም አቀፉ የግብርና ልማት ፈንድ፣ ኢፋድ የምንለው፣ በጣና ተፋሰስ ወረዳዎች የተፈጥሮ ሀብት ፕሮጀክት ነበረው። በ2010 ዓ.ም ባንኩ ለመሬት ገጽታና ለኑሮ ማሻሻያ ፕሮጀክት 100 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2011 ዓ.ም ደግሞ ለሌላ ፕሮግራም 500 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ለመላው አገሪቱ ናቸው። ወደ ጎጃም የሚደርሰው ለተመረጡ ወረዳዎች ብቻ ነው። ጣና በሰኔ 2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቀጠና ሆኖ ሲመዘገብ ደግሞ ናቡ የተባለው የጀርመን ድርጅት ብዙ አግዟል።

ከሁሉም የሚበልጠው ለጋሽ ግን በየትኛውም የበጀት ሰነድ ላይ በስሙ አልተጻፈም። ገበሬው ነው። ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ በተፋሰስ ዘመቻ ከ20 ቀን በላይ በነፃ ሲሠራ ቆይቷል። አብዛኛው የጎጃም ወረዳ ትርፍ አምራች ስለሚባል በሴፍቲኔት አይታቀፍም። ስለዚህ ሌላ አካባቢ እህል ወይም ብር የሚከፈልበት ቁፋሮ እኛ ጋ ያለ ክፍያ ነው የሚሠራው። ይህን ጉልበት በቀን ሠራተኛ ዋጋ አስሉት። ዶላሩ ያንሳል።

ከዳንግላ፦ እዚያው ቦታ ላይ ሁለቴ ሦስቴ ቆፍረናል። ክረምት ሲመጣ ይደረመሳል። ለምን?

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ የጠየቅከው አንተ ብቻ አይደለህም። ከሁሉም በላይ የበዛው ይኸው ነው፤ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

አንደኛው ምክንያት የዝናባችን ነገር ነው። ጎጃም በዓመት ከ1,200 እስከ 1,700 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል። ውሃ አቋሪ የሆነው፣ ተዳፋት የሌለው እርከን የተለመደው ዝናብ በሚያጥርበት አገር ነው። እዚያ ውሃው እንዲሰርግ ይፈለጋል። እኛ ጋ ሐምሌና ነሐሴ ላይ መሬቱ ጠጥቶ ይጠግባል። ውሃው እርከኑ ሥር ይተኛል፣ ከዚያ አንድ ደካማ ቦታ ፈልጎ ይበጥሰዋል። ከአንድ እርከን የወጣው ውሃ የታችኛውን ይዞ ይሄዳል። ለደጋችን የሚሆነው ትንሽ ተዳፋት ተሰጥቶት ውሃውን ቀስ አድርጎ ወደ ሣር ወደለበሰ ማፋሰሻ የሚያወርድ እርከን ነው። ማፋሰሻው ግን ከእርከኑ በፊት መዘጋጀት አለበት። በዘመቻ ጊዜ ማፋሰሻ ማን ያስታውሳል? የሚቆጠረው ኪሎ ሜትር ነው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ማሳ ላይ በበሬ የሚያወጡት ፈሰስ ለዚህ ነው፤ ትርፍ ውሃን ለማስወጣት። ፈሰሱ በጣም ቁልቁል ሲሆን ወይም የጎረቤት ማሳ ላይ ሲለቀቅ ግን ቦረቦር ይጀምራል። ባለሙያው «ፈሰስ አጥፉ» ከሚል ከገበሬው ጋር ቁጭ ብሎ አቅጣጫውን ቢያስተካክል ይሻል ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘቡ ራሱ ነው። ለአዲስ ቁፋሮ በጀት አለ። ለጥገና የለም። ዕቅድ ሲወርድ «ይህን ያህል ሄክታር አዲስ» ይላል። ባለፈው ዓመት የተሠራውን የጠገነ ቀበሌ ሪፖርቱ ባዶ ይሆንበታል። ስለዚህ የፈረሰው እንደ አዲስ ይቆፈርና እንደ አዲስ ይመዘገባል። የእርከኑን ቦይ ደግሞ በሁለት በሦስት ክረምት ደለል ይሞላዋል። ቦዩን ካልጠረጉት፣ ዳሩ ላይ ደሾ ሣር ወይም ትሪሉሰርን የሚባለውን የመኖ ዛፍ ካልተከሉበት፣ ሥራው ያን ጊዜ አበቃ። ወረዳ እያለሁ የጥገና ቀን በዕቅድ ይግባ ብለን ደጋግመን ጠይቀናል። መልሱ «ከላይ የወረደው ቅጽ ላይ ቦታ የለውም» ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ደግሞ ገበሬው ራሱ የሚያፈርሰውም አለ፤ እንደባብቀው አልልም። እርከን መሬት ይወስዳል፣ በሬ ለማዞር ያስቸግራል፣ አይጥ ይራባበታል። መሬቱ ጠባብ ለሆነ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። እርከኑ ላይ የሚታጨድ ሣር ሲያገኝ ግን ሲያፈርስ አላየሁም።

ከደምበጫ፦ አንጀኒ ለምን ተሳካ ይባላል?

ጊዜ ስለተሰጠው። በስዊዝ ድጋፍ ይካሄድ የነበረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም አንጀኒ ላይ ጣቢያ የከፈተው በ1976 ዓ.ም ነው። ቦታው 113 ሄክታር ገደማ ነው። መጀመሪያ መለካት ጀመሩ። ዝናቡን፣ ጎርፉን፣ አብሮ የሚሄደውን አፈር። ፋንያ ጁ የሚባለው የእርከን ዓይነት የተሠራው ከዚያ በኋላ በ1978 ዓ.ም ነው። አፈሩ ወደ ላይ ስለሚጣል ከዓመት ዓመት ማሳው እየተደላደለ መጣ። የፕሮግራሙ መሥራች ሃንስ ሁርኒ የደጋ እርሻ መሬት በአማካይ በሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር ያጣል ብሎ ገምቷል። ከሦስት ሚሊሜትር በላይ ውፍረት መሆኑ ነው፤ ተፈጥሮ ያን ለመተካት ብዙ ዓመት ይፈጅባታል።

የአዴት ልጅ ነኝ፣ ያለሁት አዲስ አበባ፦ የአባቴን መሬት ቦረቦር እየበላው ነው። ብር ልኬ ጋቢዮን ላሠራ?

እህቴ፣ ቆይ። ብሩን ከመላክሽ በፊት ቦረቦሩ የት እንዳለ ጠይቂ። ዳገቱ ላይ ከሆነ የድንጋይ ክትር ይረዳል። ግርጌው ላይ፣ ክረምት ረግረግ የሚሆነው ሜዳ ላይ ከሆነ ግን ጋቢዮን፣ በሽቦ መረብ የታሰረው የድንጋይ ክትር፣ ብቻውን ገንዘብ መጣል ነው። ከአዴት ብዙም በማይርቀው ደብረ ማዊ የተደረጉ ጥናቶች ያሳዩት ይህንኑ ነው። እዚያ ቦረቦሩን የሚያሰፋው ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ብቻ አይደለም። ከሥር የሞላው ውሃ ግድግዳውን ያላላዋል፤ ከዚያ ገደሉ በቁሙ ይወርዳል። ክትሩ መሃል ላይ ይቀራል፣ ውሃው በጎኑ ይዞራል።

አባትሽ ማድረግ የሚችሉት፦ የቦረቦሩን ራስ፣ ማለትም ወደ ላይ እየበላ የሚሄደውን ጫፍ፣ በበጋ ገደሉን ማስተኛት። ውሃውን ከራሱ ላይ ማስቀየስ። ከዚያ ሰኔ ላይ ደሾ፣ ዝሆኔ ሣር፣ ሳስባኒያ መትከል። ቢያንስ ሁለት ዓመት ከብት እንዳይገባ ማጠር። የላይኛው ባለመሬት ካልተስማማ ይህም አይሠራም፤ ስለዚህ ሽማግሌ አስቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ገና ትንሽ እያለ መያዝ ከሁሉም ይረክሳል።

ከመራዊ፦ ቆጋ ግድብ በደለል ይሞላል የሚባለው እውነት ነው?

ደለል የማይገባበት ግድብ የለም። ጥያቄው ፍጥነቱ ነው። ቆጋ በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የተሠራ ነው፤ የላይኛው ተፋሰስ ጥበቃም አብሮ ታቅዶ ነበር። ችግሩ ከላይ እርከን የሚሠራው ገበሬና ከታች በመስኖ ስንዴና ሽንኩርት የሚያመርተው ገበሬ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ላይኛው ላቡን ያፈሳል፣ ታችኛው ያጭዳል። በእኔ እምነት ከመስኖ ተጠቃሚው ክፍያ ጥቂቱ ወደ ላይ ወጥቶ ለጥገና መዋል አለበት። መነሻ የሚሆን ሕግ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1223/2012 የተፋሰስ ተጠቃሚ ማኅበረሰብ በሕግ እንዲቋቋም ይፈቅዳል። ቀበሌያችሁ ይህን ተጠቅሞ እንደሆነ ጠይቁ።

ከባሕር ዳር፦ እምቦጭ ይህን ያህል ተለፍቶበት ለምን አልጠፋም?

እምቦጭ ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም አካባቢ ነው። በእጅ ተነቀለ፣ ማሽን መጣ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም የአንድ ወር ዘመቻ ተደረገ። ሰው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጎትቷል። ያ ልፋት ከንቱ ነው የሚለኝን አልቀበልም፤ ባይነቀል ኖሮ የዓሣ አስጋሪው መንገድ ጭራሽ ይዘጋ ነበር።

ነገር ግን አረሙ ሲመቸው በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ይቆያል። ማሽን ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ አይሠራም፤ እምቦጩ የሚበዛው ደግሞ እዚያ ነው። ተነቅሎ ዳር ላይ የተከመረው ክረምት ሐይቁ ሲሞላ ተመልሶ ይገባል። ከሁሉ በላይ ቀለቡን እኛው እንልክለታለን። ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያ፣ ከከተማ የሚወርድ ፍሳሽ፣ ደለል። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው።

አረሙ የበዛው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ስለሆነ አንዳንድ የጎጃም ሰው «የኛ ጉዳይ አይደለም» ሲል እሰማለሁ። ነው እንጂ! ከሰከላ ግሽ አባይ የሚነሳው ግልገል አባይ የጣና ትልቁ መጋቢ ነው። የሜጫና የአቸፈር አፈር በእሱ በኩል ነው የሚገባው። ድሮ የወንዞች አፍ ላይ ደንገል ጥቅጥቅ ብሎ ይህን ያጣራ ነበር። ደንገሉ ለታንኳ ከታጨደው በላይ ለእርሻ ተመንጥሯል። ውሃው ሲጎድል የሚገለጠው ባሕር ሸሽ መሬት ይታረሳል። ያ ዳርቻ ተከልሎ ደንገሉ ቢመለስ፣ ገንዘቤን ከማሽን ይልቅ እዚያ ላይ ባውለው እመርጣለሁ። ዓሣውም ይጠቀማል፤ የጣና ነጭ ዓሣዎች ብዙዎቹ እንቁላል ለመጣል በክረምት ወደ ወንዞቹ ነው የሚወጡት።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጮቄስ? ስለ ጣና ብቻ ነው የሚወራው።

እውነትህን ነው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ተምጫ ሁሉ ከዚያ ይነሳሉ። እነዚህ ጣና አይገቡም፤ በቀጥታ አባይ ይገባሉ። ስለዚህ የጮቄ አፈር መጨረሻው ሕዳሴ ግድብ ነው። አስታ የሚባለው የውርጭ ቁጥቋጦና ጓሳ ሣሩ ተመንጥሮ ገብስና ድንች ሽቅብ ወጥቷል። እዚያ ላይ ያለውን ገበሬ «ውረድ» ማለት አይቻልም፤ መሬት የለውም። ከቀርከሃ፣ ከበግ፣ ከማር፣ ከአፕል ገቢ እንዲያገኝ ማድረግ ነው የሚያዋጣው። እስካሁን የተመደበለት ገንዘብ ከሚገባው በታች ነው ብዬ አምናለሁ።

ከእንጅባራ፦ ደከረንስ መሬታችንን አዳነ ወይስ ጎዳ?

ሁለቱንም ባልል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሁለቱንም ነው። አሲዳማ በሆነ፣ ጤፍ በማይሰጥ መሬት ላይ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ደከረንስ የሚባለውን ቶሎ የሚያድግ የግራር ዓይነት ተክላ ሸንተረሩ ለበሰ። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ አብሮ ይዘራል፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ከሰል ያወጣል። ያለ ማንም ዘመቻ የተስፋፋ ደን ነው! ነገር ግን አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ሲሆን በሽታ አንዴ ከገባ ሁሉን ይጠርጋል፤ የመጣውም ዋግ መሰል በሽታ ይህንኑ አሳየን። አሁን ስትተክሉ ኮሶ፣ ወይራ፣ ጌሾ፣ ትሪሉሰርን አደባልቁ።

ከቡሬ፦ አሁን ሥራው ቆሟል?

ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ብዙ ቦታ ባለሙያ ቀበሌ መውረድ አልቻለም። ሕዝብ በነፃነት የማይሰበሰብበት ቦታ ላይ ዘመቻ የለም። ልቅ ግጦሽ የከለከሉ ውስጠ ደንቦችም ላልተዋል። እንዲህም ሆኖ ጎጡ ራሱ ተስማምቶ ተራራውን የሚጠብቅበት ቦታ አለ። ሣሩን በዕጣ የሚካፈሉበት ቦታ ነው።

ከውጭ አገር፦ እኛ አሥር የምንሆን የሰከላ ልጆች ብር ማዋጣት እንፈልጋለን። እንዴት እናድርገው?

እግዜር ይስጥልኝ። መጀመሪያ አንድ ምሳሌ ላንሳ። በፊንላንድ ድጋፍ በአማራ ክልል የተሠሩ የገጠር ውሃ ፕሮጀክቶች ገንዘቡን በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል በቀጥታ ለመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ይሰጡ ነበር። ኮሚቴው ራሱ ሲሚንቶ ይገዛል፣ ግንበኛ ይቀጥራል። ለተፋሰስም ይህ መንገድ ይሻላል ብዬ አስባለሁ።

ስለዚህ ትንሽ ተፋሰስ ምረጡ፤ አንድ ጎጥ ይበቃል። የቀበሌው ልማት ሠራተኛ ካርታውን ያውጣላችሁ። ገንዘቡን በአንዴ አትላኩ። ሲሦውን ለችግኝ ጣቢያ፣ ለሣር ዘርና ለመሣሪያ ላኩ። ቀሪውን ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዓመት ጥገናና ለጥበቃ ሰው ደመወዝ አስቀምጡ። ፎቶ የሚላክላችሁ በተተከለ ዕለት ሳይሆን በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ላይ ይሁን፤ በጋውን ያለፈው ችግኝ የሚታወቀው ያኔ ነው። የላካችሁት ብርም ስንት እንደሆነ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም በዕድር ስብሰባ ላይ ለሕዝቡ ይነበብ። ዝርዝር ዋጋ ሲያመጡላችሁ አሳዩኝ፤ ደሾ ሣር ከጎረቤት ቀበሌ በነፃ እየተገኘ በብር ተገዛ የሚል ካለበት ምልክት አድርጌ እመልስላችኋለሁ።