ምንም ያልታየበትን ቀን መዝግቡ፦ የውቅያኖስ ዳርቻን ለመከታተል ለተነሡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

በሙያዬ ቀያሽ ነኝ። ከ30 ዓመት በላይ መሬት ስለካ ኖሬ በጡረታ የተሰናበትሁ ሲሆን፣ ላለፉት 19 ዓመታት 1.5 ኪሎ ሜትር የሚሆን የውቅያኖስ ዳርቻ በበጎ ፈቃደኝነት ስከታተል ቆይቻለሁ። ከመካከላችሁ ይህን ሥራ በጋለ ስሜት ጀምራችሁ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ጉዞ በኋላ የተዋችሁት እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስትተዉት የምትሰጡት ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ሄድን፣ ምንም አላየንም» ትላላችሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለዚያ «ምንም» ነው፤ እኔ ራሴ ዋጋውን ባለማወቄ የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት አባክኛለሁና።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። አንድ የተወሰነ የዳርቻ ክፍል ትይዛላችሁ፤ መነሻውንና መድረሻውን በማይነቃነቅ ምልክት ትወስናላችሁ፤ ከዚያም በየወሩ፣ ካልሆነም በየወቅቱ አንድ ጊዜ፣ ያንኑ መንገድ እየተመላለሳችሁ ትቆጥራላችሁ፣ ትለካላችሁ፣ ፎቶግራፍ ታነሣላችሁ፣ ትጽፋላችሁ። በአሜሪካ በኦሪገን ግዛት በጎ ፈቃደኞች ጠረፉን በአንድ አንድ ማይል ተከፋፍለው በየወቅቱ ይጎበኙታል። በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ አገሮች ደግሞ የዳርቻ ቆሻሻ በተወሰነ የ100 ሜትር ርዝመት ላይ በዓመት 4 ጊዜ ይቆጠራል። ዳርቻው ያማረ ቢሆን ባይሆን ለሥራው ልዩነት የለውም፤ ልዩነት የሚያመጣው ወደዚያው ቦታ፣ በዚያው አኳኋን፣ ሳያቋርጡ መመለስ ነው።

በእነዚያ አራት ዓመታት ደብተሬን የማወጣው አንድ ነገር ሲያጋጥመኝ ብቻ ነበር። የሞተ ወፍ፣ የተበጠሰ መረብ፣ ወጀብ የጣለው ግንድ ሲገኝ ቀኑን አስፍሬ እጽፋለሁ፤ አሸዋው ንጹሕ ሆኖ ሲጠብቀኝ ግን ደስ ብሎኝ ሳልጽፍ እመለሳለሁ። በአምስተኛው ዓመት የባሕር ወፎችን የምታጠና አንዲት ተመራማሪ መጥታ፣ በበጋው መጨረሻ በዚህ ዳርቻ ስንት የሞተ ወፍ ማግኘት የተለመደ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ደብተሬን በኩራት ዘረጋሁላት። ገጾቹን ካገላበጠች በኋላ በሁለት ወር ውስጥ አንድም መስመር ያልተጻፈበትን ስፍራ በጣቷ ነክታ፣ «እዚህ ላይ ወፍ ሳይኖር ቀርቶ ነው ወይስ እርስዎ ሳይሄዱ ቀርተው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ያልተነበበ ነጥብና ዜሮ የተነበበበት ነጥብ ፈጽሞ የተለያዩ መሆናቸውን በሥራዬ ለጀማሪ ቀያሾች ስነግር የኖርሁ ሰው፣ በራሴ ደብተር ሁለቱን አደባልቄአቸው ነበር።

የዚህ ጥያቄ ክብደት ከዓመታት በኋላ በሰሜን ፓስፊክ ጠረፍ በግልጽ ታየ። እ.ኤ.አ. ከ2015 በጋ እስከ 2016 ጸደይ ድረስ ከካሊፎርኒያ እስከ አላስካ ባለው ዳርቻ ሙር የተባለው የባሕር ወፍ ሞቶ ወይም እያጣጣረ በብዛት ተጣለ፤ የተገኘው ብቻ 62,000 ያህል ነበር። አብዛኞቹ ሥጋቸው አልቆ አጥንታቸው የቀረ ነበሩ። ተመራማሪዎች ሁኔታውን እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 በዚያ ባሕር ላይ ከሰነበተው ያልተለመደ ሙቀት ጋር አያይዘው፣ ወፎቹ የሚመገቧቸው ትንንሽ ዓሦች በመመናመናቸው በረሃብ እንዳለቁ አስረዱ። ባሕር ላይ ከሚሞተው ወደ ዳርቻ የሚደርሰው ጥቂቱ ስለሆነም፣ ጠቅላላው ጉዳት ወደ 1 ሚሊዮን ወፍ ሊጠጋ እንደሚችል ገመቱ። አሁን እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ሙር በየዓመቱ ከመራቢያው ወቅት በኋላ በተወሰነ መጠን ይሞታል፤ ስለዚህ በአሸዋ ላይ የሞተ ሙር መታየቱ ብቻውን ብዙ አይናገርም። አደጋውን አደጋ ለማለት ያስቻለው የቀድሞው መዝገብ ነው። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ኮስት የተባለው ቡድን በጎ ፈቃደኞች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየወሩ ዳርቻ እየወጡ፣ በዝናብም በብርድም «ሁለት»፣ «ዜሮ»፣ «አንድ»፣ «ዜሮ» እያሉ ጽፈው ነበር። እነዚያን ዜሮዎች የጻፉ ሰዎች በዚያን ዕለት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ ከእናንተ እንደ አንዳችሁ፣ ቀኑ በከንቱ ያለፈ መስሎአቸው ሊሆን ይችላል።

ዜሮ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ምን ያህል ተፈልጎ እንደተገኘ አብሮ ሊጻፍ ይገባል። ስንት ሰዓት ተነሥታችሁ ስንት ሰዓት ጨረሳችሁ፣ ስንት ሰው ነበራችሁ፣ ሙሉውን ርቀት ሄዳችኋል ወይስ ውኃው ከልክሏችሁ በግማሽ ተመልሳችኋል፣ ጭጋግ ነበር ወይስ ጥርት ያለ ሰማይ፣ ከእናንተ በፊት የጽዳት ተሽከርካሪ አልፎ ነበር ወይ? እኔ እነዚህን በገጹ አናት ላይ፣ ከመነሻው ምልክት ፈቀቅ ሳልል፣ በእርሳስ እሞላቸዋለሁ። በእርሳስ የምለው እርጥበት የብዕር ቀለምን ስለሚያጠፋ ነው፤ አንድ የክረምት ጧት የጻፍሁት ገጽ በሙሉ ወደ ሰማያዊ ጠቃጠቆ ተለውጦብኛል።

ስለ አሸዋው ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ሙያዬም ነውና። ክረምት ስል ወጀብ የሚበዛበትን ቀዝቃዛ ወቅት፣ በጋ ስል ደግሞ ሞቃታማውን ወቅት ማለቴ ነው። በዚያ ወቅት ተደጋግመው የሚመጡት ረጃጅምና ኃይለኛ ሞገዶች አሸዋውን ከዳርቻው ጠርገው ወደ ጥልቁ በኩል ይወስዱትና በውኃው ሥር እንደ ግድብ ይከምሩታል፤ በበጋ ደግሞ ዝግ ያሉት ሞገዶች ያንኑ አሸዋ በጥቂት በጥቂቱ ይመልሱታል። በጋ ላይ ብቻ የሚመጣ ሰው ዳርቻው ሰፊና ለስላሳ እንደሆነ ይምላል፤ በክረምት መጨረሻ ብቻ የሚመጣ ሰው ጠጠሩን አይቶ ዳርቻው እየጠፋ ነው ብሎ ይጮኻል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። እውነተኛ መሸርሸር መኖሩ የሚታወቀው የዘንድሮው ክረምት ካለፈው ክረምት፣ የዘንድሮው በጋ ካለፈው በጋ ጋር ሲነጻጸር ነው። በሲድኒ የናራቢን ዳርቻ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በየወሩ ሲለካ የኖረ ነው፤ ከዚያ ረጅም መዝገብ ከተገኘው አንዱ፣ ከኤልኒኞና ከላኒና፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ከተለመደው ከሚሞቅባቸውና ከሚቀዘቅዝባቸው ዓመታት መፈራረቅ ጋር የዳርቻው አንዱ ጫፍ ሲሰፋ ሌላው እንደሚጠብ፣ ማለትም ዳርቻው ወዲያና ወዲህ እንደሚዞር ነው። ይህን በአምስት ዓመት ልኬት ማረጋገጥ አስቸጋሪ ነው።

መለኪያውም ውድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ኬ. ኦ. ኤመሪ የተባለ የባሕር ሥነ ምድር ሊቅ ያሳተመው ዘዴ ሁለት እኩል እንጨቶችና አንድ ገመድ ብቻ ይፈልጋል። እንጨቶቹ ከጫፋቸው ወደ ታች በሴንቲ ሜትር ምልክት ይደረግባቸዋል፤ አንዱ ሰው ወደ ውኃው በኩል፣ ሌላው ወደ የብስ በኩል ይቆማል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በገመዱ ይወሰናል። የኋለኛው ሰው በፊተኛው እንጨት ጫፍ ላይ አሻግሮ አድማሱን ይመለከታል። የዓይኑ መስመር የራሱን እንጨት ያቋረጠበት ቁጥር፣ ከጫፉ ሲቆጠር፣ አሸዋው በሁለቱ መካከል ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ ይነግረዋል። ከዚያም ፊተኛው እንጨት በነበረበት ቦታ ላይ የኋለኛው ይቆማል፣ ፊተኛው ወደ ፊት ይራመዳል፣ እንዲህ እየተባለ እስከ ውኃው አፍ ይደረሳል። በትዕግሥት ከተሠራ በጣም የታመነ ውጤት ይሰጣል። እንጨቱ በእርጥብ አሸዋ እንዳይሰምጥ ከሥሩ ጠፍጣፋ ነገር አድርጉለት፤ ጭጋግ አድማሱን ከሸፈነው ደግሞ በግምት አታንብቡ፣ «አድማስ አልታየም» ብላችሁ ጽፋችሁ ተመለሱ።

ፎቶግራፍም እንደዚሁ ነው። በሦስተኛው ዓመት ፀሐይ ስትወጣ የተሻለ ምስል ለማግኘት ብዬ ከማነሣበት ቦታ 20 እርምጃ ያህል ተንቀሳቀስሁ፤ ምስሉ አምሮ ወጣ፣ ከቀደሙት ሁሉ ጋር ግን ሊነጻጸር አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በሲድኒ የተጀመረው ኮስትስናፕ የተባለው ዘዴ ይህን ችግር አስቀድሞ አስቦበታል፤ ስልኩ የሚቀመጥበት መደገፊያ በአንድ ቦታ በቋሚነት ስለሚተከል፣ የሚያነሣው ሰው ቢለያይም የሚታየው ማዕዘን አይለያይም። መደገፊያ ባይኖራችሁ አንድ ቋጥኝ ወይም የደረጃ ጥግ ምረጡና ስልካችሁን ሁልጊዜ እዚያው ላይ አሳርፉት።

የሞተ ወፍ ሲያጋጥማችሁ ቸኩላችሁ ስም አትስጡት። ጓንት አድርጉ፤ የወፍ ጉንፋን በባሕር ወፎች ዘንድ ተሰራጭቷልና በባዶ እጅ መንካት አይገባም፣ በአካባቢያችሁ በሽታው መኖሩ ከተነገረም ጨርሶ አትንኩት። ከዚያ ተንበርከኩና እግሩን ተመልከቱ። ላባው ቢበላሽ፣ ጭንቅላቱ በአሞራ ቢበላ እንኳ እግሩ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ጣቶቹ ሦስት ናቸው ወይስ አራት፣ በመካከላቸው ቆዳ አለ ወይስ የለም የሚለው ብቻ ከብዙ ዝርያዎች ይለየዋል። ምንቃሩንና ክንፉን ለኩ፤ ከጎኑ ማስመሪያ አኑራችሁ ፎቶግራፍ አንሡ። ሥልጠና የሰጣችሁ ቡድን ምልክት የሚያስር ከሆነ እሰሩበት፣ በሚቀጥለው ወር ያንኑ ወፍ እንደ አዲስ እንዳትቆጥሩት። መጀመሪያ ጊዜ ሆዳችሁ ይረበሻል፤ የኔም ተረብሾ ነበር፤ መለኪያው እጃችሁ ላይ ሲገባ ግን ዓይናችሁ ወደ ሥራው ይዞራል።

ቆሻሻ ስትለቅሙ ከመጣላችሁ በፊት ቁጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1986 በቴክሳስ የተጀመረውና ዛሬ በብዙ አገሮች የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የዳርቻ ጽዳት ከመነሻው የተገኘውን በዓይነት እየለዩ መመዝገብን አብሮ ይዞ የተነሣ ነው። በከረጢት ውስጥ የገባ ቆሻሻ ዳርቻውን ለአንድ ቀን ያጸዳል፤ በወረቀት ላይ የሰፈረው ግን ከየት እንደሚመጣ ለመጠየቅ ያስችላል።

ስለ ደኅንነታችሁ የምለው አጭር ቢሆንም ልመናዬ ነው። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ጀርባችሁን ለባሕሩ አትስጡ። ከመሄዳችሁ በፊት የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ፣ ማለትም የባሕሩ ውኃ ከፍ የሚልበትንና ዝቅ የሚልበትን ሰዓት የሚያሳየውን፣ ተመልከቱ፤ በብዙ ዳርቻዎች ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሚሆን ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል፤ ትናንት በደረቅ ያለፋችሁበት የገደል ጥግ ዛሬ በዚያው ሰዓት በውኃ ሊዘጋ ይችላል። በውኃው አፍ የተጋደመ ግንድ ላይ አትቁሙ፤ ጥቂት ሞገድ ሲገባበት የሚገለበጠው በሰው ላይ ነው። ብቻዋን የተኛች የባሕር ውሻ (ሲል የሚባለው እንስሳ) ግልገል ብታዩ እናቷ ዓሣ ፍለጋ ሄዳ ሊሆን ስለሚችል ከ45 ሜትር በላይ ራቁና ለሚመለከተው አካል አሳውቁ እንጂ ለማዳን ብላችሁ አትቅረቧት፤ ሰው ከከበባት እናቲቱ ለመመለስ ትፈራለች።

ደግሞም ያያችሁትንና የገመታችሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር አታጣምሩ። «ሦስት ወፎች፣ ላባቸው ላይ ጥቁር የሚያጣብቅ ነገር ያለባቸው» ብሎ መጻፍ ምልከታ ነው፤ «መርከብ ዘይት ደፍቶ የገደላቸው ሦስት ወፎች» ብሎ መጻፍ ግን ያላያችሁትን መርከብ መክሰስ ነው። ወጣት ልብ በተፈጥሮ ላይ በደረሰ ጉዳት ቶሎ ይቆጣል፤ ቁጣው ተገቢ ነው፤ ለግምታችሁ በገጹ ግርጌ ለብቻው ቦታ ስጡት፣ በቁጥሩ መካከል ግን አይግባ።

እኔ አሁን ጉልበቴ እንደ ቀድሞው አይታዘዝም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ አንዲት የ22 ዓመት ተማሪ ፊተኛውን እንጨት እየያዘች አብራኝ ትሄዳለች፤ መዝገቡን እርሷ ትረከበዋለች። ርክክቡን ግን በአንድ ቀን አላደረግነውም። የሁለት ሰው ዓይን አንድ ዓይነት አያነብምና፣ ዓመቱን ሙሉ እያንዳንዱን ነጥብ መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥላ እርሷ አንብበን ሁለቱንም ቁጥሮች ጎን ለጎን እንጽፋለን። በመጀመሪያዎቹ ወራት ልዩነታችን እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ይደርስ ነበር፤ ቁመቷ ከኔ ስለሚያንስ ወደ አድማሱ ስታይ እንደምታንጋጥጥ ስናውቅ ትንሽ ሣጥን ላይ ቆማ ማንበብ ጀመረች፤ አሁን ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች ሆኗል። ክረምቱ ሲወጣ አንድ ዙር ይቀረናል፤ ከዚያ በኋላ የኋለኛውን እንጨት እርሷ ትይዛለች።