መልስ፦ በሐምሌ ግራንድ ካንየን ወርዶ በዚያው ቀን መመለስ

ወንድሜ፣ በሐምሌ ግራንድ ካንየን (አሜሪካ ያለው ጥልቅ ሸለቆ) ገብተህ ከሥሩ እስካለው ኮሎራዶ ወንዝ ወርደህ በዚያው ቀን ለመመለስ ያሰብከውን ተወው። ቁልቁለቱ ያታልላል፤ አቀበቱ የሚጀምረው ጉልበት ሲያልቅ፣ ከታች በጥላ ሥር እንኳ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ነው። ለመውጣት የመውረጃውን ጊዜ እጥፍ አስብ። ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት (በኛ አቆጣጠር) አትጓዝ።

ይዤ እሄዳለሁ ያልከው 2 ሊትር ውሃ አይበቃም። ውሃ ብቻ መጋትም አደጋ አለው፦ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም (ከጨው የምናገኘው ንጥረ ነገር) ይወርድና ያስመልስሃል፣ ያደናግርሃል። ጨው ያለው ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ በየመሃሉ ቃም አድርግ። ውሃ ባገኘህበት ሁሉ ሸሚዝህንና ባርኔጣህን ንከር።

ጓደኛህ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ፣ እያላበው ቢሆንም ደህና ነው አትበል። ጥላ ውስጥ አስገብተህ ውሃ እያርከፈከፍክ አራግብለት፤ 911 (የአሜሪካ የአደጋ ጊዜ ስልክ) ይደወል። ስልክ ግን ብዙ ቦታ አይሠራም።