ከትራፓኖ በፊት ሚዛን ግዙ

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በእንጅባራ ሆናችሁ ባለ አንድ መቀመጫ ቀላል አውሮፕላን ለመገጣጠም ለምታስቡ ልጆቼ፤

«ፀሐይ» በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አገራችን ተሠርታ በርራለችና «በኢትዮጵያ አውሮፕላን አይሠራም» የሚላችሁን አትስሙ። ስሌቱን ግን ከኪቱ (ተዘጋጅቶ ለመገጣጠም ከሚመጣው የአውሮፕላን ዕቃ) ጋር ከመጣው ወረቀት ላይ እንዳለ አትቅዱት።

የአሜሪካው ደንብ የዚህን ዓይነቱን አውሮፕላን ባዶ ክብደት ከ115 ኪሎ በታች፣ ነዳጁን በ19 ሊትር ገደማ ይወስነዋል፤ ብዙ ኪት ሠሪዎች በዚያ ልክ ይቆርጣሉ። የመነሻና የመውጣት ቁጥራቸው 15 ዲግሪ ሙቀት ባለው የባሕር ጠረፍ አየር የተሰላ ነው እንጂ ለባሕር ዳር አይደለም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሲደርስ ክንፉና ሞተሩ የሚያገኙት አየር የባሕር ጠለሉን 77 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ በ22 ዲግሪ ወደ 72 ይወርዳል። 40 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት ሞተር ባሕር ዳር ላይ 30 ቢሰጥ ነው። በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ላይ አየር የሚይዝ ክንፍ እዚህ 51 ይፈልጋል። የፍጥነት መለኪያውም የሚለካው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ 45 ይላል፤ አብራሪው ሁሉ ነገር ደኅና መስሎት ሲንደረደር ሜዳው ያልቅበታል። መንደርደሪያውን ቢያንስ በ1.7 አባዙት።

እንግዲህ የሚያድናችሁ ቅለት ነው። እያንዳንዱን ቱቦ፣ ቡሎንና ጨርቅ መዝናችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ክብደት ሳይታወቅ የሚገባው በቀለምና «ለጥንካሬ ይሁን» ተብሎ በሚጨመር ብረት ነው። የመስኮት አሉሚኒየም ደግሞ ፈጽሞ አትንኩ። መልኩ አንድ ቢሆንም ጥንካሬው ለአውሮፕላን ከሚውለው 6061-ቲ6 ግማሽ ገደማ ነው፤ ሳይሰበር በፊት ይጎብጣል፣ ከጎበጠም አይመለስም።

ቱቦ ስትበሱ ትራፓኖው የቀዳዳው አፍ ላይ የሚተወውን ስለታም ጠርዝ ጣታችሁን ሳይቧጥጥ እስኪያልፍ ድረስ አጽዱት። ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያች ጠርዝ ነው፤ በሞተሩ ንዝረት ቀስ እያለ ቱቦውን ይዞራል፣ በጨርቁ ስር ስለሆነም አይታይም። የቡሎኑ ጥርስ ቱቦው ውስጥ መቅረት የለበትም፤ ሸክሙን የሚይዘው ለስላሳው አካሉ ነው። የሚሽከረከር መገጣጠሚያ ላይ ፕላስቲክ ያለውን ዳዶ አትጠቀሙ፤ ባለ ቀዳዳ ዳዶና ኮፒላ አስገቡ።

ክንፉ ሳይፈተን አይበረርበትም። ገልብጣችሁ በመሠረቱ፣ ማለትም ከአውሮፕላኑ አካል ጋር በሚገናኝበት በኩል፣ እሰሩት፤ አሸዋ በከረጢት በ10 በ10 ኪሎ መዝኑ። አብራሪውና ነዳጁ ተጨምሮ ጠቅላላው 230 ኪሎ፣ ክንፉ ብቻውን 40 ኪሎ ቢሆን፣ በአራት እጥፍ ሸክም ለአንድ ወገን ክንፍ 36 ከረጢት ይደርሰዋል፤ ከ230 የክንፉን 40 ቀንሳችሁ በአራት አባዙ፣ የተገለበጠው ክንፍ ራሱን ስለሚጫን 40 ቀንሱ፣ ከዚያ ለሁለት ወገን አካፍሉት። አደራደሩ ወደ መሠረቱ ይብዛ፣ ወደ ጫፉ ይሳሳ፤ ከፊት ጠርዝ ወደ ኋላ ሲለካም የስፋቱ ሩብ አካባቢ ይረፍ። ከስር የሚይዝ ድጋፍ በትንሽ ክፍተት አስቀምጡ፣ ማንም ሰው ስር አይግባ። ጫፉ ስንት እንደጎነበሰ በሜትር ለኩ። አሸዋው ሲወርድ ክንፉ ወደ ቦታው ካልተመለሰ አንድ ነገር ተጎድቷል፣ ፈልጉት። ኪቱን ለሌላ ሰው ልትሸጡ ካሰባችሁ ሌላ ክንፍ ሠርታችሁ በዚያው ስሌት በስድስት እጥፍ፣ ለአንድ ወገን 55 ከረጢት ጫኑበት፤ ሦስት ሰከንድ ሳይሰበር ይቁም። ያ ክንፍ ከዚያ በኋላ አይበርም።

ሚዛኑን በሦስቱም ጎማ ስር አድርጋችሁ፣ አብራሪው ተቀምጦ፣ የክብደቱን ማዕከል አስሉ። ጅራቱ የከበደ አውሮፕላን ክንፉ አንዴ አየር መያዝ ካቆመ በመሪ አይመለስም።

ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሆነ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ቀላቅሉ። ደጋ ላይ ቤንዚን ስለሚበዛበት ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ዋናውን ጂግለር (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ዕቃ) በአነስተኛ ቀይሩ። ጥሩ ካንዴላ የሻይ ቀለም አለው። ዓባይ በረሃ ላይ ተጠንቀቁ። ደጀን ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ሲል አየር ይበዛበታል፤ የጭስ ማውጫው ሙቀት ከ650 ዲግሪ ካለፈ ፒስቶኑ ሲሊንደሩን ይነክሳል፤ ሞተር የሚያቆመው ደግሞ ማረፊያ በሌለበት ገደል ላይ ነው።

ጨርቁን ፀሐይ ይበላዋል፤ በደጋችን ደግሞ ፈጥኖ ነው። የሣር ክዳን ያለው ዳስ ይበቃችኋል፣ ሜዳ ላይ አታሳድሩት።

የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ሥልጠናችሁን በባለ ሁለት መቀመጫ፣ ከአሠልጣኝ ጋር ጨርሱ። ከዚያ በኋላ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ የመጀመሪያውን ቀን በመሬት ላይ በመንዳት ብቻ አሳልፉ። ስትመለሱ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ በቁልፍ እዩ፤ ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ የሚላላ አይጠፋም።