የድሮ ቤት ሶኬት፦ ሦስት ቀዳዳ ስላለው ብቻ ግራውንድ አለው ማለት አይደለም

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። የእናትሽ ቤት ጉለሌ ያለ የድሮ የጭቃ ቤት ነው። ሶኬቶቹ ባለ ሁለት ቀዳዳ ናቸው። ፍሪጁን በባዶ እግር ሲነኩት ይነዝራል፣ ምጣዱ ደግሞ ይብሳል። የመጣው ሠራተኛ «ሶኬቶቹን በባለ ሦስት ልቀይርልሽ፣ በቃ» ብሎሻል። አንቺም ይበቃል ወይ ብለሻል።

አይበቃም። ከኋላው የግራውንድ መስመር፣ ማለትም ከዕቃው ብረት ያፈተለከውን ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ ሳይኖር ፊቱ ብቻ ከተቀየረ እንዲያውም ይብሳል። ሁለት ቀዳዳ የሚያይ ሰው ቢያንስ ይጠነቀቃል። ባለ ሦስቱን ያየ ግን ተማምኖ ይነካል። በድሮ ቤቶች መስመር ላይ ለብዙ ዓመት ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ አስቸኳዩ። ምጣዱ እስኪፈተሽ ድረስ አይሰካ። «ትንሽ ነው የሚነዝረው፣ ለምደነዋል» የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው። ትንሽ የሆነው ጫማ ስላደረጉ ወይም ወለሉ ስለደረቀ ነው። ያው ምጣድ ቤቱ በታጠበበት ቀን ሰው ሊገድል ይችላል። እባክሽ ዛሬውኑ ንገሪያቸው።

ሶኬቱን ለመለየት ቀዳዳ መቁጠር አያዋጣም። አዲስ አበባ ውስጥ ሁሉም ዓይነት ተደበላልቆ ነው ያለው። ክብ ጎድጓዳ፣ ሁለት ቀዳዳ ያለው፣ ግን ከዳርና ከዳር ሁለት የብረት ምላስ የሚታይበት የጀርመን ዓይነት ነው። ግራውንዱ ምላሶቹ ናቸው። ሦስት ቀዳዳ በአንድ መስመር የተደረደረበት የጣሊያን ዓይነት ነው፣ ግራውንዱ የመሃሉ ነው። ሁለት ቀዳዳ ብቻ ኖሮት ምላስ የሌለው ግን ግራውንድ የለውም። ሁሉን ይቀበላል ተብሎ የሚሸጠውን ርካሽ ሶኬት ደግሞ ተጠንቀቂው። የጀርመኑን መሰኪያ ስትሰኪበት ይገባል፣ ዕቃው ይሠራል፣ የመሰኪያው የጎን ብረት ግን ምንም አይነካም። ስለዚህ ግድግዳው ውስጥ ግራውንድ ቢኖር እንኳ ፍሪጁ ጋ አይደርስም። ብዙ ኤክስቴንሽኖችም እንደዚሁ ናቸው።

ምላስ ወይም ሦስተኛ ቀዳዳ ኖረም አልኖረም፣ እውነቱ የሚታየው ሶኬቱ ሲከፈት ነው። ይህን ባለሙያው ይሥራው፣ አንቺ ቆመሽ እዪ። ብሬከሩ ይጠፋል። ኮረንቲ መኖሩን የሚያሳየው ቴስተር መጀመሪያ በሚሠራ ሶኬት ላይ ይሞከራል፣ ከዚያ በሚከፈተው ላይ፣ በሁለቱም ቀዳዳ። በድሮ ቤት አንዱን ብሬከር አጥፍተሽ ከሌላ ክፍል የተሳበ መስመር እዚያው ሶኬት ውስጥ ሊጠብቅሽ ይችላል። ሲከፈት ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ሽቦ ፈልጊ። በጭቃ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ ላስቲኩ ደርቆ፣ ጠምዘዝ ሲያደርጉት የሚፈረፈር፣ ጫፉ በሙቀት የጠቆረ። ያን ካየሽ ችግሩ የሶኬት ሳይሆን የመስመር ነው። ቀለሙንም አትመኚ። ኒውትራል (ኮረንቲው የሚመለስበት) መሆን የነበረበት ሰማያዊ ሽቦ ፌዝ (ኮረንቲ የሚያመጣው) የሆነበት ቤት ብዙ አጋጥሞኛል።

ሦስት ሽቦ ከተገኘ በመልቲሜትር፣ ማለትም በቮልት መለኪያው፣ ይለካ። በፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት አካባቢ፣ በፌዝና በግራውንድ መካከልም እንደዚያው፣ በኒውትራልና በግራውንድ መካከል ደግሞ ወደ ዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። ከፌዝ ወደ ግራውንድ 90 ወይም 110 ምናምን ካሳየ ሽቦው የሆነ ቦታ ተንጠልጥሎ ቀርቷል ማለት ነው። 220 ማሳየቱም ግን ግራውንዱ ጥሩ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። መልቲሜትር የሚስበው ኮረንቲ በጣም ትንሽ ስለሆነ ደካማ ግራውንድም ያልፋል። የመሬቱን ጥራት የሚለካው ሌላ መሣሪያ ነው። አምፖል በፌዝና በግራውንድ መካከል አስሮ የሚሞክር ከመጣ አስቁሚው። ግራውንዱ ደካማ ከሆነ በዚያች ቅጽበት ከሱ ጋር የተያያዘ ብረት ሁሉ ኮረንቲ ይሸከማል።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ። ባለ ሦስት ሶኬት ገጥመው የግራውንዱን ቦታ በአጭር ሽቦ ከኒውትራሉ ጋር የሚያገናኙ ሠራተኞች አሉ። ንዝረቱ ወዲያው ይጠፋል፣ ባለቤቱም ይደሰታል። መልቲሜትሩም ትክክል ነው ይላል። አንድ ቀን ግን ኒውትራሉ ፖል ላይ ወይም ቆጣሪው ጋ ይላቀቃል። ያኔ በበራ አንድ አምፖል በኩል የሚመጣው ፌዝ መመለሻ ሲያጣ ወደ ፍሪጁ በር፣ ወደ ምጣዱ ጠርዝ ይሄዳል። ብሬከሩም አይወርድም። ይህን የሠራ ሰው ካገኘሽ አስፈቺው። ከውሃ ቧንቧ ጋር ማሰርም አይሆንም። የብረቱ ቧንቧ መሃል ላይ በፕላስቲክ ተቀይሮ ከሆነ መሬት አይደርስም፣ ኮረንቲውን ይዞ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ነው የሚያደርስልሽ።

ትክክለኛው መንገድ መሬት ውስጥ የሚቀበር በመዳብ የተለበጠ በትር ነው። ብዙውን ጊዜ 1.5 ሜትር ይሆናል። እርጥበት ያለው አፈር ይመረጥለታል። የሚለካው በበጋ ቢሆን ይመረጣል፣ ክረምት ላይ አፈሩ እርጥብ ስለሆነ ውጤቱ ያታልላል። ከበትሩ እስከ ብሬከሩ ሳጥን፣ ከዚያም እስከ እያንዳንዱ ሶኬት ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ሳይቆረጥ ይሄዳል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። በትሩ ብቻውን ግን አያድንም። በትሩ ኮረንቲ ወደ መሬት ሲያሳልፍ 20 ኦም መቋቋም (ሬዚስታንስ) አለው እንበል። የምጣዱ ፌዝ ብረቱን ቢነካ 220 ለ20 ሲካፈል 11 አምፒር ይመጣል። 16 አምፒር የሚለው ብሬከር 11ን እንደ መደበኛ ሥራ ነው የሚያየው፣ አይወርድም። ብረቱም ኮረንቲ ይዞ ይቀመጣል። ብሬከር የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ሰው የሚገድለው ኮረንቲ ከ0.1 አምፒር እንኳ ሊያንስ ይችላል።

ስለዚህ አር-ሲ-ዲ የሚባለው መቁረጫ ይገባል። ስትገዢ 30 ሚሊ አምፒር፣ ወይም 0.03 አምፒር የሚል መሆኑን አይተሽ ግዢ። በፌዝ የወጣውና በኒውትራል የተመለሰው እኩል መሆኑን ይቆጣጠራል፣ ልዩነት ሲያይ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። ከላይ በጠቀስኩት 11 አምፒር ወዲያው ይወርዳል። ግራውንድ በሌለበት ቤትም ይሠራል። ልዩነቱ፣ ግራውንድ ሳይኖር የሚቆርጠው ሰው ሲነካ ነው፤ ግራውንድ ካለ ሰው ሳይነካ ይቆርጣል። ፌዝና ኒውትራልን በሁለት እጁ የያዘን ሰው ግን አያድንም። ላዩ ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ አልፎ አልፎ ተጫኑ። ካልወረደ ይቀየር።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልደረሰ የኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ አር-ሲ-ዲ። ቀጥሎ በትሩና ለወጥ ቤቱ፣ ለልብስ ማጠቢያው፣ ለውሃ ማሞቂያው አዲስ ባለ ሦስት ሽቦ መስመር፣ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ። ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ። ምጣዱ ብቻውን 4 ካሬ ሽቦና የራሱ ብሬከር ይኑረው። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ 16 አምፒር ያህል ይስባል፣ ተራ ሶኬት ላይ ሲሰነብት መሰኪያው የሚቀልጠው ለዚህ ነው። የመኝታ ቤቶቹ ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶኬቶች መስመራቸው ጤነኛ ከሆነ ለጊዜው ይቆዩ። የስልክ ቻርጀርና ካሬ ውስጥ ካሬ ምልክት ያለበት ዕቃ ግራውንድ አይፈልግም።

አር-ሲ-ዲው ከገባ በኋላ ምጣዱ ሲሰካ ሊወርድ ይችላል። «ዕቃው አይረባም፣ አውጣው» እንዳትሉ። ሸክላው እርጥበት ስቦ ወይም ሽቦው ብረቱን ነክቶ ነው። ምጣዱ ይጠገን። ምጣዱ ተነቅሎም የሚወርድ ከሆነ ግን ሁለት ክፍሎች ኒውትራል ተጋርተው ሊሆን ስለሚችል ባለሙያው መስመሮቹን ይለያይ። ቆጣሪው ላይ ያለውን ማሸጊያ ግን ማንም አይንካ፣ ያ የመብራት ኃይል ሥራ ነው።

የብሬከር ሳጥኑን ክዳን ሳትከፍቺ ከውጭ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ብትለጥፊው፣ አር-ሲ-ዲ መኖር አለመኖሩን አይቼ እነግርሻለሁ።