ያልተከፈለ የልጅ ቀለብ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በጥብቅና ሥራዬ የቤተሰብ ጉዳዮችን ስከታተል አዘውትሬ ያጋጠመኝ ችግር፣ እናቶች ቀለብ የተወሰነበትን ፍርድ በእጃቸው ይዘው አባትየው በራሱ ፈቃድ እስኪከፍል መጠበቃቸው ነው። ከላካችኋቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹም ይህንኑ የሚመለከቱ ስለሆኑ፣ በዚያው ላይ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፍርድ ቤት ለሁለት ልጆቼ በየወሩ ቀለብ እንዲቆርጥ ወስኖበት ነበር። ሁለት ወር ከፍሎ አቆመ። ሽማግሌ ብልክበትም «እሺ» ይላል እንጂ አይከፍልም። አሁን አምስተኛ ወሩ ነው፤ እንደ አዲስ መክሰስ አለብኝ?

መልስ፦ እኅቴ፣ አዲስ ክስ አያስፈልግዎትም። ፍርዱ በእጅዎ ስላለ የቀረዎት ማስፈጸም ነው። የፍርዱን ግልባጭ ይዘው ፍርዱን በሰጠው ፍርድ ቤት የአፈጻጸም መዝገብ እንዲከፈትልዎ በጽሑፍ ያመልክቱ። በማመልከቻው ላይ የዋናው መዝገብ ቁጥርና ፍርዱ የተሰጠበት ቀን መስፈር አለበት፤ እስካሁን የተከፈለውን፣ ያልተከፈለውን እያንዳንዱን ወርና ጠቅላላ ድምሩንም ይጻፉ። የተከፈሉትን ሁለት ወራት እንዳይደብቁ፣ ምክንያቱም አባትየው ደረሰኝ ይዞ ቢቀርብ የቀረውን የእርስዎን ቃል ሁሉ ጥርጣሬ ላይ ይጥልብዎታል።

አባትየው ደመወዝተኛ ከሆነ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ ተጽፎ ገንዘቡ በየወሩ ከደመወዙ ተቆርጦ በቀጥታ ወደ ሂሳብዎ እንዲገባ ይጠይቁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ ስለማይችል፣ ውዝፉ ብዙ ከሆነ በአንድ ወር ተጠቃሎ አይገባልዎትም። ነጋዴ ወይም በግሉ የሚሠራ ከሆነ ግን ንብረቱን መጠቆም የእርስዎ ድርሻ ነው። የሚጠቀምበትን ባንክ፣ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር፣ ቤት ወይም ቦታ ያለበትን ወረዳ ካወቁ በማመልከቻው ይጥቀሱ፤ ፍርድ ቤቱ ለባንኩና ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ጽፎ ያጣራል። ይህን ካላወቁ፣ ባለዕዳው ቀርቦ ስለ ሀብቱ በፍርድ ቤት እንዲመረመር ማመልከት ይችላሉ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርዎት፣ ጊዜ አይስጡት። በቤተሰብ ሕጉ፣ መከፈያው ከደረሰ በሦስት ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ወይም ያልተወሰደ ቀለብ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይጠየቅ የሚገድብ ድንጋጌ አለ። ሽማግሌ መላክዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን በቃል የተባለው ሁሉ ነገ ሊካድ ስለሚችል፣ ሽምግልናው እየቀጠለም ቢሆን መዝገቡን ያስከፍቱ። አምስተኛው ወር ላይ ስለሆኑ በዚህ ሳምንት ቢሄዱ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ስንለያይ «ልጁን ለእኔ ተውልኝ እንጂ ቀለብ አልጠይቅህም» ብዬ ፈርሜለታለሁ። አሁን ኑሮው ከብዶኛል። መብቴ ቀርቷል ማለት ነው?

መልስ፦ አልቀረም። ቀለቡ የልጁ እንጂ የእርስዎ ስላልሆነ፣ እርስዎ ሊተዉት የሚችሉት ነገር አይደለም። በስምምነት በሚደረግ ፍቺ እንኳ፣ ስምምነቱ የልጆችን ደኅንነት በበቂ ሁኔታ የማያስጠብቅ ሆኖ ሲያገኘው ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ የልጆቹን ጉዳይ ራሱ ሊወስን ይችላል። ስለዚህ ቀለብ እንዲወሰን አቤቱታ ያቅርቡ። ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ ከሌለዎት በደሃ ደንብ፣ ማለትም የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍሉ፣ እንዲታይልዎ ይጠይቁ፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለአቅመ ደካማ ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ አልተጋባንም ነበር። «ሚስቴ ስላልነበርሽ ምንም አይመለከተኝም» ይለኛል።

መልስ፦ ተሳስቷል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 መሠረት ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት አለው። ከቀለቡ በፊት ሊነሣ የሚችለው ክርክር አባትነቱ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ስሙ ካለ ወይም ልጁን ተቀብሎ በጽሑፍ ያረጋገጠበት ሰነድ ካለ ይዘው ይቅረቡ፤ ከሌለ አባትነቱ በፍርድ ቤት እንዲታወቅ ከቀለቡ ጥያቄ ጋር ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ ገንዘብ እስኪያመጣ ድረስ ልጁን አላሳየውም ብያለሁ። ጥፋት ነው?

መልስ፦ ንዴትዎ ይገባኛል፤ ግን አያድርጉት። አባትና ልጅ መገናኘታቸውም የልጁ መብት ነው፤ እንደ መያዣ ሲያዝ የሚጎዳው ልጁ ነው። በችሎት ደግሞ ጥያቄዎ ሁሉ የበቀል ይመስልብዎታል።

ጥያቄ፦ እኔ አባት ነኝ። ከሥራ ተቀንሻለሁ፤ የተወሰነብኝን መክፈል አልችልም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በራስዎ ውሳኔ ብቻ አያቁሙ። ቀለብ የሚወሰነው በጠያቂው ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ተመዝኖ ስለሆነ፣ አቅምዎ ሲለወጥ መጠኑ እንዲሻሻል የማመልከት መብት አለዎት። የሥራ ስንብት ደብዳቤዎን አያይዘው ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ያቅርቡ። እስከዚያው የሚችሉትን ያህል፣ ጥቂትም ቢሆን፣ በባንክ ወይም በቴሌብር ይላኩ፤ በእጅ የሰጡትን ነገ የሚያስረዳልዎ የለም። ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ አለመስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 የሚያስጠይቅ በመሆኑ፣ ዝም ብሎ መጥፋት ሥራ ያጣን አባት እምቢተኛ ከሆነው ጋር አንድ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ አረብ አገር ነች፤ የልጇን ልጅ የማሳድገው እኔ ነኝ። አባቱ ባሕር ዳር ይኖራል፤ አንድ ቀን እንኳ ረድቶን አያውቅም። እኔ አያቱ መጠየቅ እችላለሁ?

መልስ፦ እማማ፣ በልጅዎ ስም ለመጠየቅ ውክልና ያስፈልግዎታል። እርሷ ባለችበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፊት ቀርባ ስለ ልጁ ቀለብ እንዲከራከሩላት ውክልና ትስጥዎት፤ ውክልናው ላይ «ቀለብ ለመጠየቅና ፍርድ ለማስፈጸም» የሚል ቃል በግልጽ እንዲገባ ይንገሯት። በአማራ ክልል የሚሠራው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትና የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኞች ካሁኑ ይሰብስቡ፤ ዳኛው ልጁ በወር ስንት እንደሚያስፈልገው ሲጠይቅዎ መልስዎ በወረቀት የተደገፈ ይሆናል።